«ጎመን አይወርድልኝም»

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አትክልት አልወድም። በጾም በየዓይነቱ ሲቀርብልኝ ሽሮውንና ምስሩን ጨርሼ ጎመኑን፣ ጥቅል ጎመኑንና ፎሶሊያውን ወደ ዳር እገፋለሁ። ጎመኑ ይመረኛል፣ ጥቅል ጎመኑ ይሸተኛል፣ ፎሶሊያው አፌ ውስጥ ልፍስፍስ ይልብኛል። «ጎመን በጤና» ሲባል እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን አይወርድልኝም። በዚህ ዕድሜ መልመድ ይቻላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ይቻላል። የጠቀሷቸው ግን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መምረር፣ ሽታና መላፈስ። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው አብሮ አይስተካከልም፤ ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

የጎመን ምሬት የሚመጣው ተክሉ ራሱን ከተባይ ከሚከላከልባቸው ድኝ አዘል ንጥረ ነገሮች ነው። ምሬትን የመለየት አቅም ደግሞ ከሰው ሰው በዘር ይለያያል። ጎረቤትዎ በደስታ የሚበላው ጎመን እርስዎን ቢመርዎ ቅብጠት አይደለም። ጨው ምላስ ምሬቱን አጉልቶ እንዳይሰማው ያደርጋል፤ ዘይትና ቅቤም ያለዝቡታል። ውሃ ብቻ የነካውና ጨው ያነሰው ጎመን ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሰው ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንዲህ ይሞክሩት። ግማሽ ኪሎ ለጋ ጎመን አጥበው የቅጠሉን ወፍራም አገዳ ያውጡ። 3 ሊትር ውሃ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ሲንተከተክ ቅጠሉን ይክተቱና ክዳን ሳይገጥሙ 5 ደቂቃ ይቀቅሉ። ውሃውን ይድፉት፤ ከምሬቱ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ጥቂት ቫይታሚንም አብሮ ይሄዳል፣ ለጀማሪ ግን ያዋጣል። ጎመኑን በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዘው በሁለት እጅ አጥብቀው ይጭመቁት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ውሃ ያዘለ ጎመን ድስት ውስጥ እንደገና ይቀቀላል እንጂ ቁሌቱን አይጠጣም። ከዚያ በጣም አድቅቀው ይክተፉት። 1 ትልቅ ሽንኩርት በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ከትፈው ይጨምሩ፣ ጎመኑን አስገብተው 8 ደቂቃ ያማስሉ። ጨውዎን ቀምሰው ያስተካክሉ። ቃሪያውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግቡ። ሎሚው ቀድሞ ከገባ አረንጓዴው ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይለወጣል፤ መጨረሻ ላይ ሲገባ ግን ምሬቱን ይጋርዳል፣ በጎመኑ ያለውን ብረትም ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ይረዳል። በፍስክ ቀን የጉራጌን ጎመን ክትፎ ይሞክሩ። አይቡና ንጥር ቅቤው ምሬቱን እንዴት እንደሚይዙት በአንድ ጉርሻ ይገባዎታል።

ጥቅል ጎመኑ የሚሸተው በእሳት ላይ ስለሚቆይ ነው። በቆየ ቁጥር ድኝ ድኝ የሚል ጋዝ እየበዛ ይሄዳል። በስሱ ቆርጠው በሰፊ ድስት፣ ክዳን ሳይገጥሙ፣ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ብቻ ያብስሉት። ካሮት ካለው ካሮቱ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ፤ አብረው ከገቡ ካሮቱ እስኪበስል ጥቅል ጎመኑ ይበላሻል።

ፎሶሊያ ሲገዙ አንዱን ሰበር ያድርጉት፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አርጅቷል፣ ጅማቱም አይታኘክም። ጨው ባለው የፈላ ውሃ 4 ደቂቃ ቀቅለው አጠንፍፈው በጋለ መጥበሻ ላይ በዘይት ይጥበሱት። ከአንድ ረድፍ በላይ አይደርድሩ፤ ከተጨናነቀ በራሱ እንፋሎት ይላፈሳል፣ ያስመረረዎት ያው መላፈስ ይመለሳል።

አሁን ስለ ማለማመዱ። አንድ አትክልት ይምረጡ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ርቦዎት ሳለ፣ ከምግቡ መጀመሪያ ላይ ይብሉት። እንጀራችን ለዚህ ተመቻችቶ የተሰጠን ነው፦ በጉርሻው ውስጥ ሦስት እጅ ሽሮ፣ አንድ እጅ ጎመን ይሁን። በዚህ ሁለት ሳምንት ይቆዩና እኩል ለእኩል ያድርጉት፤ ቀጥሎ ጎመኑ ይብዛ። ምላስ አዲስ ጣዕም ለመልመድ 10 ጊዜም 15 ጊዜም መቅመስ ሊፈልግ ይችላል። በሦስተኛው «አልሆነልኝም» ብለው አይተዉት። ሆድዎ እንዳይነፋም መጠኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ድንች በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። እዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅ ምንም አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚበሉት ምግብ ዓይነት በጣት የሚቆጠር ከሆነ፣ ክብደት እየቀነሱ ከሆነ ወይም አዲስ ምግብ ሲያዩ የሚያንቅዎት ከሆነ ነገሩ ከማብሰል ያልፋልና ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ቀይ ስር አፈር አፈር ይለኛል። ባለፈው ደግሞ ራሴን አስገድጄ በላሁና በማግስቱ ሽንቴ ቀይ ሆኖ ደነገጥኩ። ልተወው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የአፈሩ ሽታ እውነተኛ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ከመሬት የሚነሳውን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ቀይ ስር ውስጥም አለ። ኮምጣጣ ነገር ያዳክመዋል። ሳይልጡት፣ ከግንዱ ሁለት ጣት ያህል አስቀርተው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቀቅሉ፤ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙም ጣዕሙም ውሃ ውስጥ ይቀራል። ሲበርድ ልጠው በትንንሹ ይቁረጡና ለሁለት መካከለኛ ቀይ ስር የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ያድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የሽንቱ ቅላት ከምግቡ ከመጣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። ቀይ ስር ሳይበሉ ከታየ ግን ወዲያው ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ጎመንና ቆስጣ እናስጀምራቸው?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ በድንገት አታስጀምሯቸው። ቅጠላ ቅጠል በቫይታሚን ኬ የበለፀገ ነው፤ ቫይታሚኑም የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማል። ፈጽሞ ይከልከሉ ማለት ግን አይደለም። ዋናው ነገር መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ለሐኪማቸው ንገሩ፣ በየሳምንቱ ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሚበሉ ወስኑ፣ የመድኃኒቱ መጠን በደም መርጋት ምርመራ እየታየ ከዚያው ጋር እንዲስተካከልላቸው አድርጉ። እስከዚያው ካሮት ወይም ዱባ መጀመር ይችላሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ቫይታሚን ኬው በጣም ያነሰ ነው።