ማስተርስ ሳልይዝ ለዶክትሬት ላመልክት?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በሰሜን ሸዋ ዞን በሞረትና ጅሩ ወረዳ በእነዋሪ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። አያቴ በልጅነታቸው ጓያ ሰብሯቸው ዕድሜ ልካቸውን በምርኩዝ የሄዱ ሰው ስለነበሩ፣ በዚህ እህል ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የማጥናት ሐሳብ አልለቀቀኝም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ ሳይጠይቁ ለዶክትሬት እንደሚቀበሉ ሰምቻለሁ። በቀጥታ ላመልክት ወይስ እዚሁ ማስተርስ ልማር? ደግሞም አንዱ ዘንድ «ባዮኬሚስትሪ»፣ ሌላው ዘንድ «ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ» ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?
መምህሩ፣ ከእነዋሪ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ቀላሉ የስሙ ነገር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ሁለቱም ስሞች የሚያመለክቱት አንድ ሙያ ነው፤ ፕሮቲን፣ ኢንዛይም፣ ቅባት፣ ስኳርና ኑክሊክ አሲድ በሕያው ሴል ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ በኬሚስትሪ መንገድ መመርመር። የሚለያየው ትምህርቱ የሚሰጥበት ቤት ነው። በሚቺጋንና በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ የሚባለው ክፍል በሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ሲገኝ፣ በኤምአይቲ ግን በዚሁ ስም የሚጠራው ዘርፍ የኬሚስትሪ ክፍል አካል ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ በክፍሉ ያሉት ተመራማሪዎች ምን እንደሚያጠኑ ያንብቡ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ የሰሙት ወሬ እውነት ነው። በአሜሪካ በርካታ የባዮኬሚስትሪ ክፍሎች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ተማሪ ይቀበላሉ፤ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የኑሮ መደጎሚያም ይሰጣል። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ እየወሰደ በሁለት ወይም በሦስት ቤተ ሙከራዎች ለጥቂት ሳምንታት ተራ በተራ ይሠራል፤ አማካሪውን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርመንና ስዊድን ግን እንደ ሀገራችን ሁሉ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃሉ።

ይሁን እንጂ «አይጠየቅም» እና «አያስፈልግም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለእርስዎ ማስተርስ የሚያስፈልግዎት ይመስለኛል። አመልካቾችን የሚመርጡት መምህራን ከውጤት ባልተናነሰ አጥብቀው የሚፈልጉት የምርምር ልምድን ነው። ከዲግሪያቸው በቀጥታ የሚመጡት ተወዳዳሪዎችዎ ብዙዎቹ በተመራማሪ ቤተ ሙከራ አንድ ሁለት ክረምት የሠሩ ናቸው። በተለምዶ ከሚጠየቁት ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች አንዱን ርእሰ መምህርዎ ቢጽፉልዎት፣ ሰዓት አክባሪነትዎንና ለተማሪ ያለዎትን ፍቅር መመስከር ይችላሉ፤ ሙከራ አልሠራ ሲልዎት ምን እንደሚያደርጉ ግን ሊያውቁ አይችሉም። እሱን የሚያውቅ ያማከረዎት ሰው ብቻ ነው። እኔ ራሴ በትምህርት ዘመኔ አንድ ኢንዛይም ለማጥራት ስደክም ከርሜ፣ መብራት ጠፍቶ ባደረበት በአንድ ሌሊት ማቀዝቀዣው ውስጥ ተበላሽቶብኛል። ያን ሰሞን እንደገና «ሀ» ብዬ ስጀምር ያየኝ መምህር፣ በኋላ ስለ እኔ የጻፈው ደብዳቤ ከውጤቴ ሁሉ በልጦ እንደረዳኝ አምናለሁ።

እዚህ ለመማር ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይኖርብዎታል። ከዚያ በኋላ በኮርስ ከሚያልቅ መርሐ ግብር ይልቅ በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለውን ይምረጡ። ርእሱን ደግሞ አስቀድመው ይዘውታል።

በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ በአጭሩ ቤታ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ማንነቱ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ነው። የነርቭ ሴሎች ለመልእክት የሚጠቀሙበትን ግሉታሜት ስለሚመስል፣ ተቀባዮቹን ከልክ በላይ በማነሣሣት ሴሎቹን ይጎዳል። ሰውን የሚሰብረው በድርቅ ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ ነው። (የሚቀቀል ጓያ እንፋሎት ይሰብራል የሚባለውን አያትዎም ሳይነግሩዎት አይቀሩም፤ ሳይንሱ ይህን አይደግፍም።) መጠኑን ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በቆየው ዘዴ ኦዳፕ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተፈልቶ ከተሰበረ በኋላ፣ ኦርቶ ፍታላልዲሃይድ ያለበት ሪኤጀንት ሲጨመርበት ቢጫ ቀለም ያወጣል፤ ቀለሙም የቀለም ድምቀት በሚለካው መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ በ420 ናኖሜትር ይነበባል። ዘዴው ግን አንድ ጉድለት አለበት። እህሉ ሲበስል በሙቀቱ የተነሣ የቤታው ከፊል አሠራሩ በጥቂቱ ወደሚለየው መንትያው፣ ወደ አልፋ ኦዳፕ፣ ይለወጣል፤ አልፋው መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ይህ ዘዴ ሁለቱን አይለይም። እንግዲህ የእነዋሪ ሰው የሚበላው ሽሮ፣ ቆሎና ንፍሮ እያንዳንዱ ምን ያህል ቤታ እንደሚቀርበት ለማወቅ ሁለቱን ለያይቶ የሚለካ ኤችፒኤልሲ የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ያለውና ለተማሪ የሚፈቅድ አማካሪ ማግኘት ከዩኒቨርሲቲው ዝና ይበልጥብኛል።

በኋላ ወደ ውጭ ሲያመለክቱ የአያትዎን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጹትና የቀረውን ቦታ ለሠሩት ሙከራ፣ ለከሸፈውም ጭምር፣ ይስጡት። የሚቀበልዎት ቤተ ሙከራ ስለ ጓያ ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል ርእስዎን ለመተው ዝግጁ ይሁኑ፤ ዶክትሬት የሚሠራው ባመዛኙ አማካሪው ገንዘብ ባገኘበት ጥያቄ ላይ ነው። የብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍሎች ማመልከቻ የሚዘጋው ከኅዳር ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የማመልከቻ ክፍያው ከከበደዎት ክፍሉ እንዲያነሣልዎት ጽፎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥዎት። የኦዳፕ መጠን በዘሩ ብቻ ሳይሆን በአፈሩና በዝናቡም ይለዋወጣል። የዘንድሮው ጓያ ሲወቃ ከየገበሬው ጥቂት ጥቂት ዘር ይለምኑ፤ በደረቅ የወረቀት ከረጢት እየለዩ፣ ማሳው መረሬ ይሁን ሌላ፣ መቼ እንደተዘራና ዝናቡ መቼ እንዳቆመ በላዩ ላይ ይጻፉበት። ለመጀመሪያው አማካሪዎ ይዘው የሚቀርቡት እሱን ነው።