አፋርን ባዶ ምድር አትበሉት

ልጆቼ፣ በተለይ ባዮሎጂና ኢኮሎጂ የምትማሩ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ዱር እንስሳት ሥራ ላይ ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ። አፋር "ባዶ በረሃ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ዝም አትበሉ። ባዶ ነው የተባለ መሬት ላይ ማንም ደስ ያለውን ይተክልበታል።

ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ በረሃው ይልማ፣ አፈሩ እንዳይሸረሸር ተብሎ ነው አዋሽ ዳር የተተከለው፣ አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው። ከብቱ ፍሬውን ጣፋጭ ስለሆነ ይበላዋል ግን ዘሩ ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፣ በእበት ይወጣና እዛው ይበቅላል፣ እና ከብቱ በሄደበት ሁሉ እየዘራው ስንት የሳር ሜዳ እሾህ ሆኖ ቀረ። ፊልድ ስትወጡ ደረቅ እበት ሰብራችሁ እዩ፣ ዘሩን እዛው ታገኙታላችሁ። ሳሩ ሲጠፋ ደግሞ የከብቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ የሳላም፣ የዚያ ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ፣ ግጦሽ ነው።

ሳላን መቼም በደንብ አጥኑት። ውሃ ሲያጣ ላብ ከማባከን ሰውነቱ እስከ 45 ዲግሪ እንዲሞቅ ይተወዋል፣ አንጎሉ ግን አይቃጠልም፤ አፍንጫው ውስጥ በትንፋሹ የቀዘቀዘው ደም ወደ አንጎል የሚወጣውን ደም ያበርደዋል። ይሄን ያየ ሰው እንዴት ባዶ ይላል?

አፋር ውስጥ ደግሞ የዱር አህያ አለ፣ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያለው፣ የቤት አህያ ዘመድ። በዓለም ላይ የቀረው በጣም ትንሽ ነው፣ ያለውም እኛና ኤርትራ ጋ ነው በዋናነት። ካየሁት እንስሳ ሁሉ ለእሱ ነው የምሳሳው፣ ከእናንተ አንዱ እሱን ሥራዬ ብሎ ቢይዝልኝ ደስታዬ ነው።

አደራ፣ ጂፒኤስና ድሮን ይዛችሁ በቀጥታ ጫካ እንዳትገቡ። አፋሮች ዳጉ አላቸው፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናብ የት ጣለ፣ ሳሩ የት አለ፣ ምን አየህ ይባባላሉ። እናንተም ቁጭ በሉ፣ ስሙ፣ ደግሞ ስትጠየቁ እናንተም ያያችሁትን በትክክል ተናገሩ፣ ያላያችሁትን እንዳትጨምሩ፣ ያ ሰው በነገራችሁት ተነስቶ ከብቱን ሊነዳ ይችላል።