ዜና ሲከፈት አባቴ ለምን ይቆጣሉ?

ጥያቄ፦ አባቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ታላቅ ወንድማቸው ከቤት ሲወሰድ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬ ፖለቲካ ከተነሳ የተለየ ሐሳብ ያለውን ሁሉ «ጠላት» ይላሉ። የልጅነታቸው ነገር ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን አይደለም። በሌሊት በር ሲደበደብ የሰማ ልጅ አደጋን ቀድሞ ማሽተት ይለምዳል። ካደገም በኋላ የድምፅ መጮህ ወይም «እነሱ» የሚል ቃል ልቡን ሊያስመታው ይችላል። ያኔ ማመዛዘን ይከብዳል፤ «ከእኛ ወገን ነው ወይስ ከእነዚያ?» የሚለው ብቻ ይቀራል። ያንኑ ያየ ሌላ ልጅ ደግሞ አድጎ ከፖለቲካ ጨርሶ ይሸሻል፤ የምርጫ ካርድም አያወጣም።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዋ ሳን ዲዬጎ ከተማ ውስጥ ከ17,000 በላይ ጎልማሶችን የጠየቀው የታወቀ ጥናት የልጅነት መከራን ከኋላ ዘመን በሽታ ጋር አያይዟል። የለካው ጤናን እንጂ የፓርቲ ምርጫን አይደለም። እሱን ጠቅሶ የሰውን አቋም «ሕመም» ማለት ስሕተት ነው፤ ስድብም ነው።

ዜና እየታየ አይከራከሩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል የእርስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ቡና ይቅዱላቸው፣ 20 ደቂቃ ያህል ይለፍ። ከዚያ «ምን ይመጣል ብለው ሰጉ?» ይበሉ። «ለምን እንዲህ ያስባሉ?» የመርማሪ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሶ ያስቆጣቸዋል። የወንድማቸውን ነገር እርስዎ አይቆስቁሱት፤ ራሳቸው ካነሱት ሳያቋርጡ ያዳምጡ። ቅዠትና እንቅልፍ ማጣት ከወር በላይ ከዘለቀ የአእምሮ ሐኪም ይያቸው።