አንጀት ከሆድ ወጥቶ ሲመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አንጀትና ጨጓራ አፈጣጠር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጎርፍ ሆነብኝ! ዶክተር ያላችሁኝ አላችሁ፤ እኔ የአናቶሚ አስተማሪ ነኝ፣ መድኃኒት አላዝም። ሳምንት የምቆጥረው ከተፀነሰበት ቀን ነው። ሐኪሞች ከመጨረሻው የወር አበባ ስለሚጀምሩ የእነሱ ቁጥር በ2 ሳምንት ይበልጣል።

ጋሼ፣ አንጀት ሲጀምር ምን ይመስላል?

ቀጥ ያለ ቱቦ። በ4ኛው ሳምንት ሽሉ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው። ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ የታችኛው ንጣፍ ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። የፊቱ ክፍል ጨጓራን ይሰጣል፤ ጉበትም ከእሱ ያቆጠቁጣል። የመካከለኛው አብዛኛውን ትንሹን አንጀት፣ የኋላው የትልቁን አንጀት መጨረሻ።

በሐኪም ቆጠራ 10 ሳምንቴ ነው። አልትራሳውንድ ላይ የልጅሽ አንጀት እትብቱ ውስጥ ነው አሉኝ። ልደንግጥ?

አትደንግጪ፣ በዚህ ጊዜ ያለበት ቦታ እዚያ ነው። ጉበት በፍጥነት ስለሚያድግ ሆድ ይጠባል። ስለዚህ አንጀት በ6ኛው ሳምንት ወደ እትብት ይወጣል፣ በ10ኛው ይመለሳል። በሐኪምሽ ቆጠራ 12 ሳምንት ካለፈ በኋላም ውጭ ከታየ ግን ክትትል ይፈልጋል።

የምወደው ነገር መዞሩ ነው። ክፍል ውስጥ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አጥፌ፣ መሀሉ ላይ እስክሪብቶ እይዛለሁ። እስክሪብቶው ዋናው የደም ሥር ነው። ጎማው በዙሪያው 270 ዲግሪ፣ ማለትም ሦስት ሩብ ዙር ይዞራል፤ 90ው እትብት ውስጥ፣ 180ው ሲመለስ። ታች የነበረው የጎማው ክንድ ከላይኛው ፊት ለፊት ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሆዳችንን እንደ ክፈፍ የከበበው በዚህ ዙረት ነው።

አራስ ልጄ አረንጓዴ ያስመልሳል። እናቴ ብርድ ነው ትላለች።

ማንበቡን ተዪውና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው። እናትሽን አክብሪያት፣ ግን ለዚህ አትጠብቂያት።

ለሌሎቻችሁ ምክንያቱ ይኸው። አረንጓዴው ሐሞት ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ሐሞት ከሚገባበት በታች ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያ ዙረት ሳይጠናቀቅ ከቀረ አንጀት በሰፊው አይታሰርም፣ በቀጭን ግንድ ይንጠለጠላል። ከዚያ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠማዘዛል። ደም ከተቋረጠበት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ትርፍ አንጀቴ ቀኝ በኩል እያለ ሕመሙ ለምን እምብርቴ ላይ ጀመረ?

የትርፍ አንጀት ነርቭና የእምብርት አካባቢ ቆዳ ነርቭ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገቡት በአንድ ደረጃ ነው። አንጎል ከየትኛው እንደመጣ አይለይም። እብጠቱ የሆድን ግድግዳ ስስ ሽፋን ሲነካ ነው ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው።

ቆሽትስ?

«ቆሽቴ አረረ» የምንለው አካል የሚሠራው ከሁለት ቡቃያ ነው፤ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት። የፊተኛው ዞሮ ሄዶ ከኋለኛው ጋር ይጣበቃል። አልፎ አልፎ ትንሹን አንጀት እንደ ቀለበት ከቦ ያንቀዋል።

አራስ በ2 ቀን ውስጥ ካልተፀዳዳስ?

መታየት አለበት። የአንጀት ነርቭ ሴሎች አብዛኞቹ ከአንገት አካባቢ ተነሥተው ቁልቁል ይጓዛሉ። መንገድ ላይ ከቀሩ የመጨረሻው ክፍል አይላላም፣ ከላዩ ያለው ይነፋል። ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1886 ስለገለጸው ሕመሙ በስሙ ይጠራል።

እምብርት ከአንጀት ጋር ይገናኛል?

በሽልነት፣ አዎ። በቀጭን ቱቦ ይያያዛሉ፣ ኋላ ይጠፋል። ከ100 ሰው በ2ቱ ገደማ ግን ቁራጩ ይቀርና አንጀት ላይ ትንሽ ኪስ ይሆናል። አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። ለሌላ ነገር ሆዳቸው ሲከፈት ነው የሚገኘው።