አዲስ ዲስክ፣ የቆየ ልማድ

ጥያቄው የመጣው ቡሬ ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ከሚሠሩ አንባቢ ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣን የዲስክ ዓይነት) አስቀይረዋል፤ ራሙን (የማሽኑን የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳድገዋል፤ ዊንዶውስ 10 አስጭነዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ማሽኑ እንደገና መንቀራፈፍ ጀመረ፤ በደንበኞች ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮችም ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመራ ምልክት) ይለወጣሉ። «ያልሆነ ዕቃ ገጥመውልኝ ይሆን?» ይላሉ።

አይመስለኝም። የዲስክ ብልሽት ፎልደርን ሾርትከት አያደርግም። ይህ የቫይረስ ሥራ ነው፤ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ እሱን ሲከፍቱ ቫይረሱ ወደ ማሽንዎ ይገባል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማሽኗን ሦስት ጊዜ ያጸዳሁላት ጸሐፊ ነበረች። በአራተኛው አጠገቧ ተቀምጬ አሠራሯን ተመለከትኩ። አንድ ተማሪ ፍላሽ አቀበላት፤ ሰክታ ወዲያው ሾርትከቱን ከፈተችው። ወረፋው እስከ በር ስለነበር አልፈረድኩባትም። ግን ጸረ ቫይረሱ ለምን ዝም አለ? ቅንብሩን ስከፍት ሲ ድራይቭ (ዊንዶውስ የተጫነበት ክፍል) በሙሉ «አይፈተሹ» ከተባሉት ውስጥ ተመዝግቧል። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ጥበቃው የተሰበረ) ፕሮግራም ሲጭኑ ጸረ ቫይረሱ እየሰረዘ ስላስቸገራቸው ያደረጉት ነበር። በር ከፍቶ ዘበኛ መቅጠር ማለት ይህ ነው።

እርስዎም ከዚያው ይጀምሩ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ (የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ) ውስጥ ኤክስክሉዥን የሚለውን የ«አይፈተሹ» ዝርዝር ከፍተው የማያውቁትን ሁሉ ያስወጡ፤ ክራክ የተደረገውን ፕሮግራም ያጥፉ፤ ከዚያ ኦፍላይን ስካን ያድርጉ። ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ተነሥቶ ይፈትሻል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሽ። የደንበኛን ፍላሽ ግን በፍጹም ፎርማት እንዳያደርጉ (ያለውን ሁሉ እንዳያጠፉ)፤ ሰነዱ አልጠፋም፣ ተደብቋል። በፎልደሩ መስኮት ከላይ «ቪው» የሚለው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን ማሳያውን ሲነኩ ብቅ ሊል ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው።

ማሽኑን የኃይል ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ የማጥፋት ልማድ ካለ ይቅር፤ ኤስኤስዲም ቢሆን በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይል ይበላሻል። ለመብራት መቆራረጡ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዙ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ማሽንዎ ዊንዶውስ 11ን የሚችል መሆኑንም ያስመርምሩ።

ይህን አድርገው ለሁለት ሳምንት ያህል ይሥሩበት። ያኔም ከተንቀራፈፈ ዲስኩን ወደ ገጠመልዎት ባለሙያ ይውሰዱና የጤንነት ምርመራ ውጤቱን በዓይንዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።