ከሥራ ወደ ጡረታ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ስለሠራሁ፣ ብዙ ሰው ጡረታ ሲወጣ አይቻለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ልመልስ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጡረታ ዕድሜ ለምን 65? ሰው እዚያ ሲደርስ ይደክማል ተብሎ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጀርመን በ1889 የእርጅና መድን ስታውጅ መነሻው 70 ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። አሜሪካ በ1935 65ን ያዘች፤ ዛሬ በ1960 ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት 67 ሆኗል። ቁጥሩን የሚወስነው ሕግ ነው። የእርስዎን ጉልበት አይለካም።

ጥያቄ፦ በአንዴ ልውጣ ወይስ ቀስ በቀስ?

መልስ፦ ምርጫው ካለዎት ቀስ በቀስ። ስዊድን በ1976 ከ60 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሠራተኞች ሰዓት ቀንሰው ከፊል ጡረታ እንዲያገኙ ፈቅዳ ነበር። በጃፓን ደግሞ ብዙ ድርጅቶች በ60 ያሰናብቱና በኮንትራት መልሰው ይቀጥራሉ፤ ደመወዙ ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አደራ! ጡረታዎ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ከሆነ፣ ሰዓት መቀነስ ዕድሜ ልክ የሚያገኙትን ሊያሳንሰው ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ስሌቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ አይበቃም። ሰው ሲጎዳ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ልወጣ እንደሆነ ለአለቃዬ ከአሁኑ ብናገር ገሸሽ ያደርገኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ይህ የሚደርስባቸው አሉ። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይግቡ። ማንን እንደሚያሠለጥኑ፣ የትኛውን ሥራ መጀመሪያ እንደሚያስረክቡ፣ በሳምንት ስንት ቀን መሥራት እንደሚፈልጉ አስበው ይቅረቡ። ያኔ ወሬው ስለ መሄድዎ ሳይሆን ስለ ሥራው ይሆናል።

ጥያቄ፦ አበሉን ማዘግየት ያዋጣል?

መልስ፦ በአሜሪካ ከሙሉ ጡረታ ዕድሜ (አበሉ ሳይቀነስ ከሚከፈልበት ዕድሜ) በኋላ እስከ 70 ለሚያዘገዩት በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመራል። ጤናና ሌላ ገቢ ካለ ጥሩ ነው። ለታመመ ሰው ግን ማዘግየትን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ቀኑን ሙሉ ቤት ልትውል ነው» ብላ ተጨንቃለች።

መልስ፦ ልክ ናት። ቤቱ እስካሁን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ለብቻ የሚሆን ሰዓት መቼ እንደሆነ ከመውጣትዎ በፊት ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ወጥቼ ደበረኝ። ልመለስ?

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም። መጀመሪያ የናፈቀዎትን ይለዩ፦ ገንዘቡ ነው? ሰዎቹ? ወይስ ተፈላጊ መሆኑ? ገንዘቡ ከሆነ፣ አዲሱ ደመወዝ የጡረታ አበልዎን ያስቀንስ እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። ሰዎቹ ከሆኑ ሥራ መቀጠር ላያስፈልግዎት ይችላል።