ኤስፒኤስኤስ ልማር ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «የሶሺዮሎጂ ማስተርስ አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ሒሳብ እፈራለሁ። የጥናት ዘዴን ከየት ልጀምር? የኤስፒኤስኤስ ስልጠና ልመዝገብ ወይ?» ብለሻል። እኔ ለዓመታት መረጃ ሰብሳቢ፣ በኋላም ሱፐርቫይዘር ሆኜ ሠርቻለሁ። ኤስፒኤስኤስ የተሰበሰበ መረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ነው፤ እሱ ይቆይሽ። ከመጠይቁ ጀምሪ።

የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ጥናት አለ። ከባንኩ ድረ ገጽ ተመዝግበሽ በነፃ ታወርጃለሽ። መጠይቁን አትሚና አንዲት ጎረቤትሽን ጠይቂበት። ባለፉት 7 ቀናት ቤት ውስጥ ምን እንደተበላ የሚጠይቅ ክፍል አለው። በዐቢይ ጾም ብትጠይቂያትና በፋሲካ ሰሞን ብትጠይቂያት ያው ቤት ሌላ ቤት ይመስልሻል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። ገጠር ስንወጣ 40 እና 45 የሚል ይበዛል፣ 41 እና 43 የሚል ግን ብርቅ ነው። ሰዉ እየዋሸ አይደለም፤ የልደት ወረቀት የለውም። ስለዚህ «በ77ቱ ድርቅ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር?» እያልን እናቀራርባለን። ቁጥር ከየት እንደሚመጣ እንዲህ ቁጭ ብለሽ ስታዪ ፍርሃቱ ይለቅሻል።

ቀጥሎ ማን እንደተጠየቀ እዪ። የዚህ ጥናት የመጀመሪያው ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ2011/12፣ የገጠርና የትንንሽ ከተማ ቤተሰቦችን ብቻ ነው የያዘው። ትላልቅ ከተሞች የተጨመሩት በ2013/14 ነው። ይህን ሳታዪ የሁለቱን ዙር አማካይ ብታወዳድሪ፣ አገሩ በ2 ዓመት ውስጥ መብራት በመብራት የሆነ ይመስልሻል።

ስለ ናሙና ብዛት ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፣ በጣም ስለሚቆጨኝ። ስንት ሰው ልጠይቅ ለሚለው ሁሉም ሰው የያማኔን የናሙና ቀመር ይገለብጣል። በ5 በመቶ ስህተት፣ ሕዝቡ 10,000 ከሆነ 385፣ 1 ሚሊዮን ከሆነ 400 ይሰጥሻል። ጎበዝ ተማሪዎች ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ) ላይ «ለምን 385?» ሲባሉ ዝም ሲሉ አይቻለሁ። ቀመሩ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በዕጣ እንደወጣ ይቆጥራል። አንቺ ግን 4 ቀበሌ መርጠሽ ከየቀበሌው 100 ሰው ብትጠይቂ፣ የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ያገኘሽው መረጃ በዕጣ የወጡ 400 ሰዎች የሚሰጡሽን ያህል አይሆንም። አማካሪሽን ይህንን ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ መቶኛ፣ አማካይ፣ ክሮስታብ (ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ሠንጠረዥ ማነጻጸር)። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ይበቃሻል። ሪግሬሽን፣ ማለትም አንዱ ነገር ከሌሎቹ ጋር ያለውን ግንኙነት በቀመር መለካት፣ አይቸኩልም። ስልጠናውንም ያኔ ተመዝገቢ፣ የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ስለምትገቢ በሳምንት ይገባሻል። መጠይቁን ሞክረሽው የከበደሽ ክፍል ካለ እዚሁ ጻፊልኝ።